የአዝመራ ሽርሽርና የማዕዱ ባለሐቆች
(በሬዲዮ ፕሮግራም የቀረበ ዳዕዋ)

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸው፣ በባልደረቦቻቸውና ፈለጋቸውን በተከተሉ ሁሉ ላይ ይሁን።

 

እንደሚታወቀው ክረምቱ አልፎ መፀው ሲገባ አገራችን ሌላ መልክ ትይዛለች። ጭቃው ይደርቃል፤ የደፈረሰው ወንዝ ይጠራል፤ በደጋው የባቄላው እሸት ይደርሳል። ኅዳር ሲገባ ጤፉ ቢጫ ለብሶ አናቱን ያዘነብላል፤ በቆላው ማሽላው ፍሬ ይዞ ራሱን ይደፋል። በዚህ ወቅት የከተማ ሰው ልቡ ወደ ገጠር ይሳባል። አንዱ እናት አባቱን ለመጠየቅ፣ ሌላው ልጆቹን አየር ለማስቀየር፣ ሌላው ደግሞ አዲስ የተወለደለትን ልጅ ዓቂቃ በአያቶቹ ቤት ለማውጣት በጠዋት ይነሳል። ቀኑን በማሳና በወንዝ ዳር ይውላል፤ ወደ ማታ በግ ታርዶ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ማዕድ ቀርቦ ቀኑ በድግስ ያበቃል። የዛሬው ዝግጅታችን ስለዚህ ቀን ይሆናል።

«ሽርሽር ምን ዳዕዋ ያስፈልገዋል? ተበልቶ ተጠጥቶ ይመለሱ የለም ወይ?» የሚል አድማጭ ሊኖር ይችላል። ነገር ግን ሙስሊም በመስጊድ ውስጥ ብቻ ሙስሊም አይደለም። በማሳ ዳርም፣ በማዕድ ዙሪያም የአላህ ባሪያ ነው። እንዲያውም ይህ የደስታ ቀን ብዙ ሐቅ የሚሟላበት ወይም ብዙ ሐቅ የሚጣስበት ቀን ነው።

መዝናናት ከዲን ውጭ ነውን?

በመጀመሪያ አንድ የተሳሳተ አመለካከት እናንሳ። አንዳንድ ወንድሞች ቤተሰብን ይዞ ወደ ሜዳ መውጣትን ከዲን ያራቀ ዛዛታ አድርገው ያዩታል። አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ የምእመናን እናት ዓኢሻ (ረ.ዐ) ወደ ገጠር ስለመውጣት ተጠይቀው ነበር። እሳቸውም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከመዲና ወጣ ብለው ውሃ ወደሚወርድባቸው ሸለቆዎች ይሄዱ እንደነበር ተናግረዋል። በአንድ ወቅት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለመውጣት ሲያስቡ ለዓኢሻ ገና በደንብ ያልተገራች ግመል ላኩላቸው። ከዚያም እንስሳዋን በልዝብታ እንዲይዟት መከሯቸው፤ ልዝብታ የገባበት ነገር ሁሉ እንደሚያምር፣ የራቀው ነገር ደግሞ እንደሚበላሽ አስተማሯቸው።

ከዚህ ሐዲስ ሁለት ነገር እንወስዳለን። አንደኛ፣ አረንጓዴውንና ወራጁን ውሃ ለማየት መውጣት የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ልማድ ነበር። ሁለተኛ፣ የዚያ ቀን የመጀመሪያው ስንቅ ልዝብታ ነው። እንስሳውን፣ ልጆቹን፣ ሹፌሩን፣ አስተናጋጁን ገበሬ፣ የገበሬውን ማሳ በልዝብታ መያዝ ማለት ነው። እየተሳደበ ወጥቶ እየተጣላ የሚመለስ ሰው ተዝናናሁ ቢልም አልተዝናናም።

አራት ትእዛዛት

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል አንዓም ስለ አዝመራ በሁለት ቦታ ይነግረናል። በ99ኛው አንቀጽ ፍሬ ሲያፈራና ሲበስል አስተውለን እንድንመለከት ያዘናል። በ141ኛው አንቀጽ ደግሞ ሦስት ነገር አከታትሎ ያዛል፤ ፍሬው ሲደርስ እንድንበላ፣ በሚሰበሰብበት ቀን ሐቁን እንድንሰጥ፣ ከዚያም እንዳናባክን። በድምሩ ማየት፣ መብላት፣ መስጠትና አለማባከን ማለት ነው። አንድ ቤተሰብ ከከተማ ወጥቶ ገጠር ውሎ በድግስ የሚያበቃውን ቀን በእነዚህ አራት ትእዛዛት መመዘን ይችላል። ብዙዎቻችን ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ፈጽመን ሌሎቹን ሁለቱን ረስተን እንመለሳለን።

አንደኛ፦ መመልከት

ከተማ ያደገ ልጅ እንጀራን የሚያውቀው ከመሶብ ወይም ከሱቅ ነው። ጤፍ ምን ያህል ደቃቅ እንደሆነች፣ ገበሬው ስንቴ እንደሚያርስላት፣ አረሟ እንዴት እንደሚያደክም፣ በአጨዳ ሰዓት አንድ ቀን የሚጥል ዝናብ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ዐበሰ የሰው ልጅ ወደ ምግቡ እንዲመለከት ያዛል፤ ውሃው ከላይ እንዴት እንደወረደ፣ ምድር እንዴት እንደተሰነጠቀች፣ እህሉ እንዴት እንደበቀለ እንድናስተውል ያሳየናል። ስለዚህ አባት የልጁን እጅ ይዞ ማሳ ዳር ያቁመው። አንዲት የጤፍ ዘለላ በመዳፉ አሽቶ ያሳየው። «ይህን ያበቀለው ማነው?» ብሎ ይጠይቀው። ይህች አጭር ጥያቄ ለልጁ ትልቅ የተውሒድ ትምህርት ናት።

መንገዱም ቢሆን ዚክር አለው። ጃቢር (ረ.ዐ) እንደነገሩን ሰሓቦች ሽቅብ ሲወጡ «አላሁ አክበር»፣ ቁልቁል ሲወርዱ «ሱብሓነላህ» ይሉ ነበር። ከኮምቦልቻ ተነስቶ በሐረጎ ጠመዝማዛ ወደ ደሴ የሚወጣ ቤተሰብ ልጆቹን ተክቢራ ቢያስብላቸው፣ ሲመለስም ተስቢሕ ቢያስብላቸው መንገዱ ራሱ መድረሳ ይሆንላቸዋል።

ሰላትን በተመለከተ ብዙ ቀልድ ይታያል። «መንገደኛ ነን» በሚል ሰበብ ዙህርና ዐስር አብረው ሲያልፉ እናያለን። በብዙ ዑለሞች ዘንድ ሰላት ለማሳጠር የሚያበቃው ርቀት ወደ 80 ኪሎ ሜትር ገደማና ከዚያ በላይ ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደሴ የሚገባ ሰው በመንገዱ ላይ ባለ አራት ረከዓውን ሰላት ያሳጥራል። ከደሴ ተነስቶ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደምትርቀው ሐይቅ የሄደ ቤተሰብ ግን ሰላቱን ሙሉ በወቅቱ ይሰግዳል። ለመንገደኛውም ቢሆን የተፈቀደለት ማሳጠር እንጂ መተው አይደለም። በቡኻሪ ዘገባ መሠረት ምድር ለዚህ ኡመት መስገጃና ማጥሪያ ተደርጋለች። ሣሩ ሰፊ ነው፤ ወንዙ ለውዱእ ቅርብ ነው። ደግሞም አቡ ሰዒድ አል-ኹድሪ (ረ.ዐ) ገጠርና በጎች የሚወድ ሰው አግኝተው አዛን ሲያደርግ ድምፁን ከፍ እንዲያደርግ መክረውታል። የሙአዚኑ ድምፅ የደረሰው ጂንም ሆነ ሰው፣ ማንኛውም ነገር በቂያማ ቀን እንደሚመሰክርለት ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰምተው ነበርና። ልጃችሁን በሜዳው መካከል አቁማችሁ አዛን አስደርጉት። ሲያድግ ከበሉት ሥጋ ይልቅ ያን አዛን ያስታውሳል።

ሁለተኛ፦ መብላት

እሸት የአላህ ስጦታ ነው። ኢማሙ ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ የመዲና ሰዎች የወቅቱን የመጀመሪያ ፍሬ ሲያዩ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይዘውት ይመጡ ነበር። እሳቸውም ተቀብለው በፍሬያቸው፣ በከተማቸውና በመስፈሪያቸው ላይ በረከት እንዲወርድ ዱዓ ያደርጋሉ። ከዚያ በኋላ በቦታው ካሉት ልጆች ትንሹን ጠርተው ፍሬውን ይሰጡታል። አስተውሉ፤ መጀመሪያ ዱዓ፣ ቀጥሎ ትንሹ ልጅ። የእኛ አያቶችም እሸት ሲገባ ዱዓ አድርገው ለልጅ የሚያቀምሱት ያለ ምክንያት አይደለም። ይህን ልማድ አንጣለው።

ነገር ግን እሸቱ ባለቤት አለው። አንድ ጊዜ ከከተማ የመጡ ልጆች የባቄላ ማሳ ውስጥ ገብተው ሲሯሯጡ አይቻለሁ። ወላጆቻቸው ከዳር ቆመው እየሳቁ ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ ያነሱ ነበር። ማሳው የዘመዳቸው አልነበረም፤ የጎረቤት ነበር። ባለቤቱ ሽማግሌ ቆመው ያያሉ፤ እንግዳ ማስቀየም ነውር ስለሆነባቸው አንዲት ቃል አልተነፈሱም። በብዙ የአገራችን ክፍል መንገደኛ ጥቂት እሸት ቀጥፎ ቢቀምስ ማንም አይከፋውም። ቀጥፎ መቅመስና ረጋግጦ መሄድ ግን የተለያዩ ናቸው። የገበሬው ዝምታ ፈቃድ አይደለም። «አባባ፣ ትንሽ እንቅጠፍ?» ማለት ምን ይከብዳል? ሲፈቅዱም ከዳሩ ቀጥፎ መውጣት፣ ልጆችን ማሳ ውስጥ እንዳይገቡ መቆጣት፣ የረገጡትንም መካስ የሐቅ ጉዳይ ነው። ከሰው ሐቅ የወጣ ምግብ ዱዓ ቢደረግበት ምን ይጠቅማል?

ደግሞም አስተናጋጁን እናስብ። በሙስሊም ዘገባ እንደምናገኘው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ)፣ አቡ በክርና ዑመር (ረ.ዐ) በአንድ ወቅት ረሃብ ከቤታቸው አስወጥቷቸው ወደ አንድ አንሷሪ ቤት ሄዱ። ሰውየው በእንግዶቹ እጅግ ተደስቶ እሸት፣ የበሰለና የደረቀ ተምር ያለበትን ዘለላ አቀረበላቸው፤ ቀጥሎም ቢላውን አነሳ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የምትታለበዋን እንዳያርድ አስጠነቀቁት። በግ ታርዶ ተበላ፤ ውሃ ተጠጣ። ከጠገቡ በኋላ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስለዚህ ጸጋ በቂያማ ቀን እንደሚጠየቁ ለባልደረቦቻቸው ነገሯቸው።

ተርበው የወጡት ሰዎች ስለ አንድ ቀን ምሳ የሚጠየቁ ከሆነ እኛስ? በተለይ የምትታለበዋን አትረድ የሚለውን ልብ እንበል። የገጠር ሰው ክብሩ እንግዳው ነው። የከተማ ልጁ አሥር ሰው አስከትሎ ሲመጣበት ያለውን ሁሉ ያወጣል፤ የሌለውን ይበደራል። ለልጆቹ ወተት የምትሰጠውን ያርዳል፤ ለዘር ያስቀመጠውን እህል ያስፈጫል። እኛ በልተን እንመለሳለን፤ እሱ እስከ ሚያዝያ ዕዳ ሲከፍል ይከርማል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንግዳ አስተናጋጁን እስኪያስቸግር ድረስ እንዳይቆይ ከልክለዋል። ስለዚህ ወደ ገጠር የምትሄዱ ሁሉ አስቀድማችሁ ደውሉ፤ ቁጥራችሁን ተናገሩ፤ ስኳሩን፣ ዘይቱን፣ ቡናውን፣ ከቻላችሁም በጉን ይዛችሁ ሂዱ። በምስጢር እጁ ላይ ማስያዝም ይቻላል። ይህ ውርደት ሳይሆን ዝምድናን መቀጠል ነው።

ሦስተኛ፦ መስጠት

ውድ አድማጮች፣ የዛሬው ዳዕዋችን ዋና ጉዳይ ይህ ነው። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ቀለም ከ17ኛው እስከ 33ኛው አንቀጽ ድረስ የአንድ አትክልት ቦታ ባለቤቶችን ታሪክ ነግሮናል። ኢብኑ ከሲር በተፍሲራቸው እንደጠቀሱት አንዳንድ ቀደምቶች እነዚህ ሰዎች የየመን ናቸው ብለዋል። ሌሎች ደግሞ የሐበሻ ሰዎች ናቸው ብለዋል። የትም ይሁኑ የት ታሪኩ ለእኛ ቅርብ ነው። አባታቸው ደግ ሰው ነበሩ፤ ከምርቱ ለድሆች ድርሻ ያወጡ ነበር። አባት ሲሞቱ ልጆቹ «አባታችን ሞኝ ነበሩ» አሉ። ድሃ ሳይነቃ በማለዳ ሄደው ፍሬውን ሊሰበስቡ ማሉ፤ ኢንሻአላህ አላሉም።

ሌሊት ተኝተው ሳለ ከአላህ የሆነ መቅሰፍት አትክልቱን ዞረው፤ ጠቁሮ አደረ። እነሱ ይህን አላወቁም። ጠዋት እርስ በርስ ተጠራርተው ተነሱ። በመንገድ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በዚያ ቀን አንድም ሚስኪን ወደ ቦታው እንዳይገባባቸው ተንሾካሾኩ። ሲደርሱ መጀመሪያ መንገድ የሳቱ መሰላቸው። ከዚያ የተነፈጉት እነሱ ራሳቸው መሆናቸውን ተረዱ። ከመካከላቸው ሚዛናዊው ወንድማቸው አላህን እንዲያጠሩ መክሯቸው እንደነበር አስታወሳቸው። ተወቃቀሱ፤ በደላቸውን አመኑ፤ ጌታቸው የተሻለ እንዲተካላቸው ተስፋ አደረጉ።

ወንድሞቼ፣ እነዚህ ሰዎች አልሰረቁም፤ የሰው መሬት አልነጠቁም። የራሳቸውን ፍሬ ለመሰብሰብ ወጡ። ጥፋታቸው ድሃው እንዳይሰማ መንሾካሾካቸው ነው። ስለዚህ ይህ ምዕራፍ የሚያስጠነቅቀው ክፉ የሚባለውን ሰው ብቻ አይደለም። ከቤተሰቡ ጋር ለመደሰት በማለዳ የወጣውን ሁሉ ይመለከታል።

የአዝመራው ሐቅ ምንድን ነው? በቡኻሪ ዘገባ መሠረት በዝናብና በምንጭ የበቀለ እህል ዘካው ከአሥር አንድ ነው። በድካምና በወጪ የተጠጣ ደግሞ የአሥረኛው ግማሽ፣ ማለትም ከሃያ አንድ ነው። በብዙሃኑ ዑለሞች ዘንድ ዘካ የሚወጅበው እህሉ አምስት ወስቅ ወይም 300 ሷዕ ሲደርስ ነው። ይህም በዘመናችን ዑለሞች ስሌት ወደ 650 ኪሎ ግራም፣ ስድስት ኩንታል ተኩል ገደማ ይሆናል። ኢማሙ አቡ ሐኒፋ ግን ጥቂትም ቢሆን ዘካ አለው ይላሉ። ለምሳሌ አንድ ገበሬ በዝናብ ያመረተው ጤፍ ተወቅቶ 20 ኩንታል ቢሆን ሁለቱ ኩንታል የባለሐቆቹ ነው። በሞተር ውሃ ስቦ አጠጥቶ ያመረተው ከሆነ አንድ ኩንታል ነው። ዝርዝሩን በየአካባቢያችሁ ያሉ ዑለሞችን ጠይቁ።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። «እኛ ዘመድ መጥቶ በልቷል፤ ድግስ ደግሰናል፤ ዘካችን ወጥቷል» የሚሉ ቤተሰቦች አሉ። ለሀብታም ዘመድ የተደገሰ ድግስ ዘካ አይሆንም። ዘካ ባለቤቶቹ ታውቀዋል፤ ለድሃና ለሚስኪን በእጁ ይሰጣል። የከተማው ወንድምም ቢሆን ከአባቱ ጎተራ አንድ ጆንያ ጤፍ በመኪናው ጭኖ ሲመለስ «አባባ፣ ዘካው ወጥቷል?» ብሎ ቢጠይቅ መልካም ነው። በገጠሩ መሬት ላይ ድርሻ ያለውና እኩል የሚያሳርስ ሰውም የራሱን ድርሻ ሒሳብ ከራሱ ላይ ማንሳት የለበትም።

ከዘካው ሌላ ቀደምት ሙፈሲሮች የጠቀሱት ሐቅ አለ። በአጨዳ ቀን ድሃ ሲመጣ ከዘለላው ይጣልለት እንደነበር ከሙጃሂድ ተዘግቧል። በእኛ አገር ይህ ቃርሚያ ይባላል። ከአጫጆች ኋላ አንገቷን ደፍታ የወደቀውን የምትለቅም ሴት አይታችሁ ታውቃላችሁ። ወላድ ትሆናለች፤ ባሏ የሞተባት ትሆናለች። ልጆቻችሁ «ምን እያደረገች ነው?» ብለው ቢጠይቋችሁ «ሐቋን እየለቀመች ነው» በሏቸው። አታስነሷት፤ ፎቶም አታንሷት።

ባለፈው ዓመት ኅዳር ወር ለአንድ የዓቂቃ ጥሪ ወደ ገጠር ወጥቼ ነበር። እንግዳው ሞልቷል፤ ሥጋው ደርሷል፤ ሰው እጁን ታጥቦ ተቀምጧል። የቤቱ አያት በበሩ ብቅ ብለው «እንትናስ መጥታለች?» አሉ። ስሟን የጠሯት ከታች ካለው ማሳ ስትቃርም የዋለችውን መበለት ነው። ልጃቸው «እማ፣ በኋላ እንልክላታለን፤ እንግዳ ርቦታል» አላቸው። አያት «የተረፈ አይላክላትም፤ ከእኔ ጋር ነው የምትበላው» ብለው ክዳኑን መለሱት። ልጅ ተልኮ እስክትመጣ ሁላችንም ጠበቅን። መጣች፤ በአያት ቀኝ ተቀመጠች፤ ቢስሚላህ ተባለ። እኔ በዚያ ቀን ዳዕዋ እንዳደርግ ተጠርቼ ነበር። ነገር ግን ከአያት በኋላ የምጨምረው ብዙ አልነበረኝም።

በቡኻሪና በሙስሊም እንደተዘገበው አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ከምግብ ሁሉ መጥፎው ሀብታሞች ተጠርተውበት ድሆች የሚተውበት ወሊማ መሆኑን ተናግረዋል። ጥሪውና መቀመጫው ነው የሚመዘነው። ትራፊ መላክና ከማዕዱ ማስቀመጥ እኩል አይደሉም።

ጎረቤትም ሙስሊም ብቻ አይደለም። ዐብዱላህ ኢብኑ ዐምር (ረ.ዐ) በቤታቸው በግ በታረደ ጊዜ ለአይሁዳዊ ጎረቤታቸው ተሰጥቶት እንደሆነ ደጋግመው ጠይቀዋል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስለ ጎረቤት ጂብሪል አጥብቆ ይመክራቸው እንደነበር ሰምተዋልና። በእኛ አገር ክርስቲያን ጎረቤት የእኛን እርድ አይበላም። ኅዳር 15 ካለፈም ጾም ላይ ይሆናል። ታዲያ የወሎ እናቶች እንደሚያደርጉት ሽሮውንና ምስሩን ለብቻ ሠርቶ መጥራት ምን ያግዳል? አብሮን ሲያጭድ የዋለን ሰው በማዕድ ሰዓት መርሳት ከኢስላም አይደለም።

በ2013 ዓ.ም ጥቅምት ወር (እ.ኤ.አ 2020) የበረሃ አንበጣ በወሎ አዝመራ ላይ የወረደበትን ጊዜ ሁላችንም እናስታውሳለን። ዓመቱን ሙሉ የተለፋበት ማሽላና ጤፍ በሰዓታት ውስጥ ወድሟል። አደራ፣ ይህን ስናስብ «የአትክልቱ ባለቤቶች ቅጣት ደረሰባቸው» ብለን በወገናችን ላይ እንዳንፈርድ። መከራ ለአንዱ ፈተና ነው፤ ለሌላው ደረጃ ነው፤ ምስጢሩን አላህ ያውቃል። እኛ የምናውቀው የራሳችንን ግዴታ ነው። አንበጣው የአንዱን በልቶ የሌላውን ሲተው፣ የተተወለት ሰው ማሳ ውስጥ የዚያኛው ሐቅ አለ። ዘንድሮ አዝመራው ያማረለት ሰው ያልያዘለትን ጎረቤቱን ከራሱ አውድማ ያስበው።

ከአትክልቱ ባለቤቶች ታሪክ ጎን የጃቢርን (ረ.ዐ) ምሳ እናስቀምጥ። ጊዜው 5ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ ምሽግ የተቆፈረበት የኸንደቅ ዘመቻ ነው። ብርድና ረሃብ ነበር። ጃቢር በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ የረሃብን ምልክት አይተው ወደ ባለቤታቸው ሄዱ። በቤት ውስጥ ያለው አንድ ሷዕ ገብስና አንዲት ግልገል ብቻ ነበር። ጃቢር አረዱ፤ ሚስት ፈጨች። ሲወጡም በነቢዩና በባልደረቦቻቸው ፊት እንዳታሳፍረኝ አለቻቸው። ጃቢር ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቀርበው ከጥቂት ሰው ጋር እንዲመጡ በጆሯቸው ነገሯቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የምሽጉን ሰዎች ሁሉ ወደ ጃቢር ግብዣ ጠሩ። እሳቸው እስኪመጡም ድስቱ ከእሳት እንዳይወርድ፣ ሊጡም እንዳይጋገር አዘዙ። መጥተው በበረከት ዱዓ አደረጉ። አንድ ሺህ ያህል ሰው በልቶ ሲነሳ ድስቱ ይንተከተክ ነበር፤ ሊጡም ይጋገር ነበር። በሌላ ዘገባ ለባለቤቲቱ ራሷ እንድትበላና ለሌሎችም እንድትልክ ነገሯት፤ ሰዉ ተርቦ ነበርና።

የአትክልቱ ባለቤቶች ብዙ ነበራቸው፤ ድሃ እንዳይገባ ተንሾካሾኩ፤ ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ጃቢር ጥቂት ነበራቸው፤ እንዳያንስ ፈርተው ተንሾካሾኩ፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያን ሹክሹክታ ጥሪ አደረጉት፤ በረከቱም ለሺህ ደረሰ። የነቢይ ሙዕጂዛ በእኛ ድስት ላይ አይደገምም። መንገዱ ግን ተከፍቶልናል። የሁለት ሰው ምግብ ለሦስት፣ የሦስት ለአራት እንደሚበቃ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል።

አራተኛ፦ አለማባከን

የመጨረሻው ትእዛዝ ይህ ነው። በብዙ ድግሶቻችን ከሚበላው ይልቅ የሚደፋው ሲበዛ እናያለን። አንድ ሰው ሳይጨርሰው ሦስት እንጀራ ይዘረጋል፤ ግማሹ ለውሻ ይጣላል። ያ እንጀራ ጠዋት ለልጆቻችሁ ያሳያችኋቸው የጤፍ ዘለላ ነው። ጠዋት ሱብሓነላህ ያላችሁበትን ማታ አትርገጡት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የወደቀች ጉርሻ እንኳ ብትሆን ቆሻሻዋ ተጠርጎ እንድትበላ አዘዋል።

ማባከን በገንዘብም ነው። በተበደሩት ገንዘብ መደገስ፣ «እገሌ ሰንጋ ጣለ፤ እኔ ለምን በግ?» ብሎ መፎካከር የዓቂቃን ዓላማ ያጠፋል። ሱናው ለወንድ ልጅ ሁለት በግ፣ ለሴት ልጅ አንድ በግ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከባለቤቶቻቸው ለአንዷ ያደረጉት ወሊማ ሁለት እፍኝ የሚሆን መስፈሪያ፣ ሁለት ሙድ ገብስ እንደነበር በቡኻሪ ተዘግቧል። ማነው ከእሳቸው የበለጠ ክብር ያለው?

ወደ ቤት ከመመለሳችሁ በፊት ደግሞ የተቀመጣችሁበትን ሜዳ ተመልከቱ። የፕላስቲክ ጠርሙስና ፌስታል ማሳ ውስጥ ጥላችሁ አትሂዱ። ከብት ይበላዋል፤ የገበሬው ላም ትሞታለች። ከመንገድ ላይ የሚያስቸግር ነገር ማንሳት ከኢማን ክፍሎች አንዱ ከሆነ በሰው ማሳ ላይ መጣል ምን ይባላል?

ማጠቃለያ

ውድ የኢስላም ቤተሰቦች፣ በዚህ መፀው ወደ ገጠር የምትወጡ ከሆነ ውጡ፤ ልጆቻችሁን አስደስቱ፤ ዝምድናችሁን ቀጥሉ። ነገር ግን ከመነሳታችሁ በፊት በቤት ውስጥ ተቀምጣችሁ ጥቂት ነገር ተመካከሩ። ሰላታችንን የት እንሰግዳለን? አስተናጋጃችንን ምን እናግዘዋለን? የዚያ ቤት አዝመራ ዘካው ወጥቷል ወይ? ከማዕዱ ማን ቀርቷል? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ክዳኑ ከመነሳቱ በፊት ይጠየቅ። ከተበላ በኋላ የሚጠየቅ ከሆነ መልሱ ትራፊ ነው።

አላህ (ሱ.ወ) ዝናባችንን የራሕመት፣ አዝመራችንን የበረከት ያድርግልን። ገበሬዎቻችንን ከአንበጣ፣ ከውርጭና ያለ ወቅቱ ከሚጥል ዝናብ ይጠብቅልን። ጎተራው የጎደለበትን ወገናችንን ይሙላለት፤ የሞላለትንም ሐቅ አውጪ ያድርገው። ማዕዳችንን ድሃ የሚጠራበት፣ ጎረቤት የማይረሳበት ማዕድ ያድርግልን። ልጆቻችንን አመስጋኝ ባሮቹ ያድርግልን። አሚን።

ወአኺሩ ዳዕዋና አኒል ሐምዱ ሊላሂ ረቢል ዓለሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።